ጾምና ረኃብ በአንድ ገበታ

መስከረም 17 ቀን እኛ የመስቀልን በዓል ስናከብር ሩሲያውያን ክርስቲያኖችም ያንኑ በዓል ያከብራሉ። በዩልዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 የሚሉት ዕለት በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ላይ ስለሚውል ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ከእኛ በአንድ ቀን ይለያያል። የበዓሉ ገበታ ግን አይመሳሰልም። በእኛ ዘንድ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በግ የሚታረድበትና ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ነው። በእነርሱ ዘንድ የጌታ መከራ የሚታሰብበት በመሆኑ ሥጋና ወተት የማይቀመስበት የጾም ቀን ነው። በዚያው ሰሞን የየመንደሩ ልጃገረዶች ከቤት ወደ ቤት እየተጠራሩ ለክረምት የሚሆነውን ጥቅል ጎመን በደቦ ይከትፉ፣ እየዘፈኑም ያመሹ ነበር። የተከተፈው ጎመን በጨው ይታሻል፣ በእንጨት በርሜል ይጠቀጠቃል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ በገዛ ውኃው ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የቤተ ሰቡ ኑሮ ከበርሜሉ ጋር የተሳሰረ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ዜማ ቤት ገብቼ፣ ኋላም ወደ አስኳላ ተሻግሬ በዘመነ ደርግ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው በሌኒንግራድ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ለዚህች መጽሔት አንባብያን ስለ ሩሲያውያን የቤት ምግብ መጻፌ አሠራሩን ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ከእኔ የተሻሉ እናቶች አሉ። በዚያ ገበታ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቦልኝ እስከ ዛሬ በልቤ ስለሚመላለስ ነው። ምግብ በፊቱ ተቀምጦለት አልበላም የሚል ሰው ጾመ የሚባለው መቼ ነው?

አስቀድሜ ስለ ገበታው ልናገር። ሩሲያውያን ምግባችን ሽቺና ካሻ ነው የሚል፣ በራሳቸው ቋንቋ ቤት የሚመታ ምሳሌያዊ አነጋገር አላቸው። ሽቺ የጎመን ሾርባ ነው፤ በበጋ በትኩሱ ጎመን፣ በክረምት በርሜል ውስጥ በቦካው ይሠራል። ያለው ሰው ሥጋና የአጥንት መረቅ ይጨምርበታል፤ የሌለው ሽንኩርትና ጥቂት ዱቄት ብቻ ጨምሮ ያፈላዋል፤ ይህንም «ባዶ ሽቺ» ይሉታል። የድሀውም የባለጸጋውም ሽቺ የሚበስለው ግን በአንድ ዓይነት ምድጃ ነው። ፔች የሚባለው የሩሲያ ምድጃ ከጡብ ወይም ከጭቃ የታነጸ፣ የጎጆውን ብዙ ቦታ የሚይዝ ግዙፍ ሥራ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ እንጨት ይነድበትና ሙቀቱን ይዞ ይውላል፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በጀርባው ላይ ይተኛሉ። ድስቱ የሚበስለው በነበልባል ሳይሆን ቀስ በቀስ በሚበርደው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሽቺ ካደረ በኋላ ይበልጥ ይጥማል ይባላል። በክረምት ረዥም መንገድ የሚሄድ ሰው ሽቺውን በብርድ አደንድኖ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪው ይጭንና ባረፈበት ቤት እየፈለጠ ያሞቀው ነበር። እንጀራን አድርቆ ድርቆሽ የሚሰንቅ የእኛ መንገደኛ ነገሩ አይጠፋውም።

ዳቧቸው ጥቁር ነው። የሚጋገረው ሮዥ ከሚሉት፣ የስንዴና የገብስ ዘመድ ከሆነ የብርድ አገር እህል ነው። ሮዥ በመከር ተዘርቶ ክረምቱን በበረዶ ሥር አሳልፎ በበጋ ይታጨዳል፤ ስንዴ በማይወድደው ስስ መሬትም ይበቅላል። ዱቄቱ ያለ እርሾ በደንብ አይነሣም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ባለቤት ከዛሬው ሊጥ ለነገው ጥቂት ታስቀራለች። በመጀመሪያው ዓመት አፌ ሲቀምሰው ይህ ጣዕም ከየት አገር ነው አልልሁም፤ የእናቴ የሊጥ ቡሃቃ ሽታ ነበረበትና። ከደረቀው ዳቦ ደግሞ ክቫስ የሚባል፣ ከጠላ የቀለለና የጎመዘዘ መጠጥ ይጠምቃሉ። ፍርፋሪው እንኳ መጠጥ ይሆናል፤ የሚጣል የለም።

ካሻ ማለት ገንፎም ቅንጬም ነው፤ ከማሽላ ዘመድ፣ ከአጃ፣ ከገብስ ክክ ይሠራል። ከሁሉ የሚወደደው ግን ግሬችካ ነው። ግሬችካ እህል ቢባልም ከሣር ወገን አይደለም፤ ዕፀዋትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ከእኛ መቅመቆና እምቧጮ ጋር በአንድ ቤተ ዘመድ ይመድቡታል። ሦስት ማዕዘን ያለው ፍሬው ተቆልቶ ይቀቀላል፤ ካሻን ቅቤ አያበላሸውም ይላሉ። ይህ አነጋገር ኋላ ለምነግራችሁ ነገር አስፈላጊ ነውና ያዙልኝ። ቦርሽ የሚባለውን የቀይ ሥር ሾርባ ያልጠቀስሁት ረስቼው አይደለም። የሩሲያ ቤት ሁሉ ያበስለዋል፤ ነገር ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር ባህል አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያሻቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል፤ በጦርነት ዘመን የጎረቤትን ድስት የራስ አድርጎ መጻፍ አይገባም ብዬ አልፌዋለሁ።

የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ አራት ረዣዥም አጽዋማት አሏት፤ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታና የልደት። ሁሉም ሲደመር በዓመት ወደ 200 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ የሩሲያ ወጥ ቤት እንደ እኛው ሁለት ወጥ ቤት ነው፤ አንዱ የፍስክ፣ ሁለተኛው የጾም። ሶቭየት መንግሥት አብያተ ክርስቲያናቱን መጋዘን ካደረገ፣ ካህናቱን ከፈጀ በኋላ እንኳ ይህ ክፍፍል ከቋንቋው አልወጣም ነበር። የእግዚአብሔርን ስም አንሥቶ የማያውቀው የመኝታ ቤት ጓደኛዬ የሱፍ አበባ ዘይት ሲገዛ የሚጠራው «የጾም ዘይት» ብሎ ነበር። እሑድንም «ትንሣኤ» ይላታል፤ አመሰግናለሁ ለማለትም «እግዚአብሔር ያድንህ» ከሚል ቃል የወጣውን ይናገራል። የመንግሥት ምግብ ቤቶች በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ ትተው ዓሣ ብቻ ያቀርቡ ነበር፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው እያሉ አሮጊቶቹ ይስቁ ነበር።

ይሁን እንጂ ጾም በነበረበት በቀድሞው ዘመንም የጾሙ ገበታ ለሁሉ አንድ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት በአንዳንድ የጾም ቀናት ዓሣ ይፈቅዳል። ከዚህ የተነሣ ባለጸጋው በዓሣ መረቅ፣ በስተርጅን፣ በዓሣ እንቁላልና ዓሣ በተሞላ ኬክ ገበታውን አስጊጦ ጾመኛ ሆኖ ይውል ነበር። በአንጻሩ በ17ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ንጉሥ አሌክሲ ሚኻይሎቪች በዐቢይ ጾም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እህል ቀምሶ በቀሩት ቀናት በጥቁር ዳቦ፣ በጨው፣ በኮመጠጠ እንጉዳይ ወይም ኪያር ይውል እንደ ነበር እንግሊዛዊ ሐኪሙ ሳሙኤል ኮሊንስ ጽፎአል። ሁሉ ያለው ንጉሥ የገበሬውን ምሳ ይበላል፤ ገበሬውስ? እርሱ ባዶ ሽቺውን በጾምም በፍስክም ይበላል። ታዲያ ዓርብ ዕለት የጾመው ማን ነው? በዚህ በስደት አገር ከአኩሪ አተር ቅቤ መሳይ፣ ከለውዝ ወተት መሳይ እየገዛን የጾም ዝርዝራችንን ከፍስኩ ያስረዘምን እኛም ከስተርጅኑ ባለቤት ሩቅ አይደለንም። ሕጉን አላፈረስንም፤ የተውነው ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁን እንቸገራለን።

ጥያቄው በእኔ ላይ የደረሰው በየካቲት 1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በወሎና በትግራይ፣ በሌሎችም ክፍላተ አገር ወገኖቻችን በረኃብ ያለቁበት ዓመት ነው። የምኖርበት የተማሪዎች መኝታ ቤት በር ጠባቂ ዕድሜአቸው ከ60 ያለፈ ሴት ነበሩ፤ እንደ አገሩ ሥርዓት በስማቸውና በአባታቸው ስም አንቱ እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ እርሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። አንድ ቀን ስለ እንጀራ ስነግራቸው፣ ስስ መሆኑን፣ በእርሾ መቡካቱን፣ ዓይን እንዳለው ስገልጽላቸው፣ «ይኸማ ብሊን ነው!» ብለው ተደነቁ። ብሊን ከቦካ ሊጥ፣ በጥንቱ ሥርዓት ከግሬችካ ዱቄት፣ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ እውነትም ዓይን አለው። ቅቤ ይቀባል፣ ስሜታና የሚሉት ወፍራም የወተት ቅባት ይፈስበታል። የሚበላውም ይበልጡን ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የቅቤ ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ሥጋ ቀርቶ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይበላል። ሃይማኖቱ ከተከለከለ በኋላም ሕዝቡ ሳምንቱን የክረምት መሰናበቻ ብሎ ብሊኑን አልተወም።

እዚህ ላይ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ፈጥኖ የሚያየው ነገር አለ። ትንሣኤን ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን እናውላለን፤ ጾማችን ግን 55 ቀን ነው፤ የእነርሱ በሰባት ቀን ያጥራል። ስለዚህ ሩሲያውያን የቅቤ ሳምንት የሚሉት እኛ ዘወረደ ከምንለው፣ የሕርቃል ጾም ከምንጀምርበት ሳምንት ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። እነርሱ ቅቤውን ሲያቀልጡ እኛ አፋችንን እንዘጋለን።

ሴትዮዋ በዚያ ሳምንት ሐሙስ ቀን ቤታቸው ጠሩኝ። አራት ቤተ ሰብ በአንድ ማድ ቤት የሚጠቀምበት አሮጌ ሕንጻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የብሊን ክምር፣ ቅቤ፣ ስሜታና፣ በአንድ ወገን በቅቤ የታሸ የግሬችካ ካሻ ተደርድሮአል። ከጡረታቸውና ከደመወዛቸው ስንት እንደ ወጣበት አውቃለሁ። ያገሬን ረኃብ በራዲዮ ሰምተው ነበር፤ መንግሥታቸውም እህል የሚያመላልሱ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ወደ ኢትዮጵያ መላኩን ነግረውኛል። የረኃብተኛ አገር ልጅ ማብላታቸው ነበር። እኔ ደግሞ አራተኛ ቀኔን ጾም ላይ ነበርሁና «ሆዴን አሞኛል» አልኋቸው።

ጾም ነው ያላልሁት ስለ ፈራሁ ነው። ከእኛው ተማሪዎች መካከል ማን ቤተ ክርስቲያን ሳመ፣ ማን ማተብ አሰረ እያለ የሚጽፍ ነበር፤ ስኮላርሺፕ ከመሰረዝ አልፎ ወደ አገር መመለስም ያመጣል። እርሳቸው ግን ሳህኑን ቀስ ብለው በጨርቅ ሸፈኑና፣ «ልጄ፣ ሆዱን የታመመ ሰው ዳቦን እንዲህ አያይም» አሉኝ። ዳቦና ጨው አቅርቦ እንግዳ መቀበል በሩሲያ የክብር ሥርዓት ነው፤ መመለሱም በእኛ አገር ቡና ተፈልቶ ሳይጠጡ ከመውጣት የሚከፋ ነውር ነው። ተሰናብቼ ስወርድ ደረጃው አልቆጠር አለኝ።

በልቼ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት አገላብጬዋለሁ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ የጾምን ሥርዓት ይደነግጋል፤ የገዳም አባቶች ደግሞ ስለ እንግዳ ፍቅር ጾማቸውን ገድፈው ኋላ እንደ ገና የጾሙበት ታሪክ ብዙ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም መብል ለወንድም ዕንቅፋት እንዳይሆን ማስተማሩን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ትምህርቱ ባለመብላት ብቻ ሳይሆን በመብላትም በኩል እንደሚሠራ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። የዛሬ ፍርዴ ይህ ነው። መብላት አልነበረብኝም፤ መዋሸትም አልነበረብኝም። እውነቱን ብናገር ኖሮ የሚጎዳ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርሁ። በውሸቴ ግን የጾሙን ዋጋ ያስከፈልሁት እርሳቸውን ነው፤ እኔ ቅቤ ተውሁ፣ እርሳቸው እንግዳ አጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኅሊናዬ ስላልተወኝ ሄጄ፣ በሹክሹክታ፣ «ጾም ነበር» አልኋቸው። አልተቆጡም። «ታዲያ ለምን አትለኝም ነበር? እናቴም ትጾም ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ከበባው የነገሩኝ።

ሌኒንግራድ ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ድረስ በጀርመን ሠራዊት ተከባ 872 ቀን ተዘግታ ነበር። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 ባለው ጊዜ የሠራተኛ የቀን ራሽን 250 ግራም ዳቦ፣ የሕፃናትና የቤት ጥገኞች 125 ግራም ብቻ ሆነ። 125 ግራም ማለት በመዳፍ ላይ የሚያርፍ አንድ ቁራሽ ነው። ያውም ዳቦ ሁሉ ዳቦ አልነበረም፤ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎና ከእንጨት የወጣ ሴሉሎስ ይጨመርበት ነበር። የሞተው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ሴትዮዋ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጃገረድ ነበሩ። እናታቸው የዕለቱን ዳቦ ሲቀበሉ በሦስት ቆርጠው አንዱን ቁራሽ ከተገለበጠ ኩባያ ሥር ያኖሩትና ማታ እስኪጸልዩ ድረስ ማንም እንዳይነካው ይከለክሉ ነበር። ልጅቱ፣ «እማዬ፣ ለምን አንበላውም? ቀን ብንበላው ማታ ብንበላው ያው አይደለም?» ስትል እናት፣ «ዳቦው ያዝዘናል ወይስ እኛ እናዝዘዋለን?» ይሉ ነበር። በ1942 የካቲት ላይ ዐረፉ። «ሞኝነት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ሞኝነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ነገር ግን ከዚያች ኩባያ በቀር ከዚያ ክረምት ሰው የነበርንበት ሰዓት ትዝ አይለኝም» አሉኝ።

ከዚህች ኩባያ ጋር አብሬ የማስበው ሌላ ታሪክ በዚያችው ከተማ ተፈጽሞአል፤ ከአገራችንም ጋር የተያያዘ ነው። በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ አጠገብ የዕፀዋት ዘር ምርምር ተቋም አለ። መሥራቹ ባይሆንም ታላቁ መሪው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ ቅፍለት ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደርና አክሱም፣ ከዚያም እስከ አስመራ ተጉዞ የስንዴያችንን፣ የገብሳችንን፣ የጤፋችንን ዘር ሰበሰበ። አገራችን የሰብል ዝርያዎች መነሻና መብዣ ከሆኑት የዓለም ማእከሎች አንዷ ናት ብሎም አስተማረ። ከአምስት አህጉር የተሰበሰበው ዘር ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ናሙና ሆኖ በዚያ ቤት ተቀመጠ።

ከበባው ሲመጣ የተቋሙ ሠራተኞች በረዶ በገባበት ሕንጻ ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ አተር፣ ለውዝ፣ በቆሎ በከረጢት ሞልቶ በዙሪያቸው እያለ ዘሩን ከአይጥና ከሌባ ይጠብቁ ነበር፤ ድንቹ ብርድ እንዳይገድለው በምድር ቤት እሳት እያነደዱ ያድሩ ነበር። የሩዝ ሊቁ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ብዙ ሺህ የሩዝ እሽግ ጠብቆ በረኃብ ሞተ። የለውዝ ሊቁ አሌክሳንድር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። የአጃ ዘር ጠባቂዋ ሊዲያ ሮዲናም እንደዚሁ። ሌሎችም አሉ። ከጠበቁት መካከል ከእኛ ደጋ የሄደው ስንዴና ገብስ ነበረበት። መሪያቸው ቫቪሎቭ ግን በዚያን ጊዜ በመካከላቸው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በገዛ መንግሥቱ ታስሮ ሞት ተፈርዶበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተለውጦለት፣ ዓለምን ለማጥገብ የደከመው ሰው ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ተዳክሞ ሞተ። እኔ በተማሪነቴ በዚያ ሕንጻ ደጅ ስንት ጊዜ እንዳለፍሁ አልቆጥረውም፤ በውስጡ ያገሬ ገብስ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

እነዚህ ሰዎች የሠሩት ልክ ነውን? አንዳንድ ሰው፣ ሕፃን በበር ላይ እየሞተ እህል መቆለፍ ጭካኔ ነው ይላል። ክርክሩን አልንቀውም። ያ ሁሉ ዘር ጥቂት ቶን ቢሆን ነው፤ በሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው ጥቂት ግራም እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ስለ ከተማው እንጂ ስለ ኢቫኖቭ አይመልስም። እርሱ ብቻውን ቢበላ ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ማንም አያውቅበትም ነበር። እኔን የሚገታኝ ይህ ነው። የእኛ ገበሬ የዘር እህሉን የሚበላው ከሁሉ በኋላ፣ በሬውን ከሸጠ፣ ሥር ከማሰ በኋላ መሆኑን እናውቃለን፤ በ1977 በየጎተራው የቀረችው የመጨረሻዋ ቁና ሳትበላ ዘር ለማትረፍ በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመራው የዕፀዋት ዘር ማእከል ባለሙያዎች በየገጠሩ መዞራቸውም የሚመሰገን ነው። የሌኒንግራዶቹ ገበሬዎች አልነበሩም፤ የሚበቅለውንም አይበሉትም። የጾሙት ገና ላልተወለደ በላተኛ ነበር።

እነርሱን ከጨካኝ የሚለያቸው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ የፈረዱት በገዛ ሆዳቸው ላይ ነው። ጾምን ሰው በራሱ ላይ ያውጃል፤ በሌላው ላይ ሲታወጅ ስሙ ረኃብ ነው። ያው የሶቭየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 በዩክሬን፣ በቮልጋ፣ በካዛኽስታን የገበሬውን እህል ከነዘሩ እየወሰደ ሚሊዮኖችን በረኃብ ጨርሶአል። በኦገስት 1932 ያወጣው ሕግ ከታጨደ ማሳ ቃርሚያ የለቀመውን አሥር ዓመት እስራት ወይም ሞት ያስፈርድበት ነበር፤ ቃርሚያ ለሩትና ለመጻተኞች የተፈቀደ መሆኑን ለሚያውቅ ክርስቲያን ይህን መስማት ይሰቀጥጣል። ያ መንግሥትም ለወደፊቱ ትውልድ ስል ነው ይል ነበር። ቃሉ ከኢቫኖቭ ቃል ጋር አንድ ነው፤ የሚራበው ሆድ ግን የማን ነው? በእኛም አገር በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዳራሽና በሰልፍ ሲከበር በሰሜን መንገድ ዳር ይወድቅ የነበረውን ሕዝብ ማንም ጹም ብሎ አላስፈቀደውም። በአንጻሩ የሰራፕታዋ መበለት ከማድጋዋ የቀረችውን ዱቄት ለኤልያስ የጋገረችው ተገድዳ አይደለም፤ እምቢ ማለት ትችል ነበር።

ስለዚህ ወደ ገበሬው ባዶ ሽቺ ልመለስ። ዘወትር የሚበላው ያንኑ ከሆነ ዓርብ ዕለት ምን ጾመ? ያቺ ኩባያ ለእኔ መልስ ሰጥታኛለች፤ ከ125 ግራም ላይ ሊከለክል የሚችል ሰው ካለ፣ ምንም የማይከለክለው የሌለ ድሀ የለም። የስተርጅኑ ባለቤትስ? ስለ እርሱ ልፈርድ አልችልም፤ የአኩሪ አተሩ ቅቤ በማቀዝቀዣዬ ውስጥ ነውና።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት ረቡዕ ቀን ሴትዮዋ እንደ ገና ጠሩኝ። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቅቤ አልነበረም። የቦካ ጎመን፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና የጾም ዘይት ያለበት ትኩስ ሽቺ፣ ከአጠገቡ ጥቁር ዳቦ ብቻ። ጎረቤቶቹ ማድ ቤቱ ምን ሸተተ ብለው ብቅ ሲሉ፣ «የጥቁሩ ልጅ ሆድ ሥጋ አይስማማውም» ብለው መለሱላቸው፤ የእኔን ውሸት አሁን እርሳቸው ተሸከሙልኝ። ከፊቴ ተቀመጡና ማንኪያቸውን ሳያነሡ ቆዩ። «እናቴ ከጦርነቱ በፊት ለጾም የምትሠራው ይህን ነበር» አሉ። «ከዚያ ወዲህ አብስዬው አላውቅም። ያለ ሥጋ የፈላ ጎመን ሲሸተኝ ክረምቱ ይመጣብኛል። ለእኔ ይህ የረኃብ ሽታ ነው። ለአንተ ግን የጾም ነው አሉህ።»

ጸሎት ላድርስ ብዬ ብነሣ ግድግዳው ስስ ነበርና በልቤ አደረስሁ። እርሳቸው ዓይናቸውን በሽቺው ላይ አድርገው ጠበቁኝ፤ ከዚያ በኋላ አብረን በላን። ስንጨርስ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ጠርገው በመዳፋቸው ሰበሰቡ። ሁልጊዜ ወደ አፋቸው የሚያደርጉትን ያን ጊዜ ለሁለት ከፈሉና ግማሹን በእኔ መዳፍ ላይ አፈሰሱልኝ።